የዘቢደር የአበባ እርሻ

ዘቢደር ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ያስገባችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከባሏ ከሕሩይ ጋር ተመካክረው፣ ኪዳነ የሚባለው ልጃቸው ጠና እስኪል፣ እሷም ካራ ሰፈር የከፈተቻት የልብስ ስፌት ቤት ደንበኛ እስክታፈራ ድረስ ሌላ ልጅ ይቆይ ተባባሉ። እንክብሉን ሞክራው ነበር፤ ግን የዛሬውን ዋጥኩ አልዋጥኩ እያለች ከራሷ ጋር ስትጨቃጨቅ መዋሉ ሰለቻት። ጎረቤቷ አስቴር ክንድ ውስጥ ያለችው፣ የክብሪት እንጨት የምታህለው ነገር ግን አንዴ ከገባች ሦስት ዓመት ዝም ብላ ትሠራለች። አስቴር እንዲያውም ካስገባች ወዲህ የወር አበባዋ ጭራሽ ጠፍቶ «ነጻ ወጣሁ!» እያለች ነው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሲስተር ጸጋ፣ ከማስገባቷ በፊት በደንብ አስረድታት ነበር። «የወር አበባሽ ሊዛባ ይችላል። አንዳንዷ ይጠፋባታል፣ አንዳንዷ ይበዛባታል፣ አንዳንዷ ላይ ደግሞ ጊዜውን ሳይጠብቅ ጠብ ጠብ እያለ ያስቸግራታል። ካስቸገረሽ ዝም አትበዪ፣ ነይ» ብላታለች። ዘቢደር ግን በዚያ ሰዓት ዓይኗ መርፌው ላይ ተተክሎ ስለነበር፣ ከዚህ ሁሉ ምክር ጆሮዋ የገባው «ይጠፋባታል» የሚለው ብቻ ነው።

አልጠፋባትም። መስከረም ላይ መጣ። ሄደ ብላ ተጣጥባ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ተመለሰ። አመጣጡም አካሄዱም ልክ እንደ ሰፈሩ መብራት ነበር፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ ሄደ ሲሉት ይመጣል፣ ለማንም አያሳውቅም። ብዛት የለውም፣ አያማትም፤ ግን አለ። አስቴርን ብትጠይቃት «ይለመዳል፣ ታገሺው» አለቻት። የእሷ ጠፍቶላት ምን አለባት!

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘቢደር ችላው ትከርም ነበር። ችግሩ አማቷ ነበሩ፤ ከአማቷም ይልቅ የአማቷ ስለት።

እማማ ወለተማርያም እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ባሕር ዛፉ መካከል ባለችው ቤታቸው ተወልደው እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ዘቢደር ኪዳነን ስታምጥ ምጡ ጠንቶባት፣ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ፊታቸው ሲጠቁር፣ እማማ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተንበርክከው «እመቤቴ፣ እናትና ልጁን አትርፊልኝ እንጂ ባለ ዘርፍ የከፋይ ጥላ አገባልሻለሁ፤ ይዛ የምትገባውም ራሷ ወላዷ ናት!» ብለው ተሳሉ። እናትና ልጅ ተረፉ። ጥላውንም ዘቢደር በገዛ እጇ ሰፋችው፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ። የቀረው ይዞ መግባት ብቻ ነው። ሴት ደግሞ ደም እያየች የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አትዘልቅም፣ ጠበልም አትነካም። «ራሷ ወላዷ» የምትለዋ ቃል ነገሩን ሁሉ ቆለፈችው።

ጥቅምት አሥራ ስድስት ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ጥላው ተጠቅልሎ ተዘጋጀ። ጠዋት ዘቢደር አማቷ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ አበባ ላይ ነኝ» አለች።

«ምን ይደረጋል፣ የሴት ነገር ነው። ለኅዳር ያድርሰን» አሉ እማማ በደግ ፊት።

ኅዳር አሥራ ስድስት መጣ። «እማማ፣ አበባ ላይ ነኝ።»

እማማ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። በዚያው ሰሞን የኅዳር ጽዮን ዕለት «ነይ እንግዲህ ዛሬ እንኳ እንሳለም» ብለው ሊወስዷት ቢመጡ፣ ዘቢደር ያንኑ መልስ ሰጠቻቸው።

«ባለፈውም አበባ፣ ባለፈው ወርም አበባ፣ ዛሬም አበባ!» አሉ እማማ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። «ልጄ፣ የአበባ እርሻ ከፈትሽ እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ዘቢደር እውነቱን መናገር አፈረች። «እባክህ ለእናትህ አንተ ንገርልኝ» ብላ ሕሩይን ብትለምነው፣ «እኔ? ለእማዬ? ይህንን?» አለና የብየዳ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ከድኖ ወደሚበይደው በር ተመለሰ። የሚበየድ ነገር ግን አልቀረውም ነበር። ስለዚህ ዘቢደር ሰበብ መፍጠር ጀመረች። አንዴ ቁርስ በልቻለሁ አለች። አንዴ ልጁ አተኩሶታል አለች። ሌላ ጊዜ ታክሲ ጠፋ አለች፤ በዚያን ዓመት ከመገናኛ እስከ አያት መንገዱ ለባቡር ተቆፍሮ ስለነበር፣ ይቺ ሰበብ የማትሠራበት ጉዳይ አልነበረም።

እማማ ወለተማርያም ሰበቡን ሁሉ «እሺ» እያሉ ተቀበሉ። ዘቢደር ያን ጊዜ ልብ ያላለችው፣ «እሺ» ሲሉ ዓይናቸው አንገቷ ላይ እየቀረ መሆኑን ነው። ማተቧ የለም። በስፌት መኪናው ጎማ ተጠምጥሞ ተበጥሶባት፣ ነገ እገዛለሁ እያለች ሳምንታት አልፈዋል። ደግሞ የአስቴር ነገር አለ። አስቴር ጴንጤ ናት፤ ከግድግዳው ወዲያ ከጠዋት እስከ ማታ መዝሙሯን ትከፍታለች። የዘቢደር እግር የስፌት መኪናውን ሲረግጥ አፏም ሳይታወቃት ያንኑ ዜማ እየተከተለ ይሄዳል። አንድ ቀን እማማ በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና «ይሄ መዝሙር የማነው?» አሉ።

«እንጃ እማማ፣ ጆሮዬ ላይ ተጣብቆ ነው።»

«እሺ» አሉ እማማ።

ነገሩ ያበቃለት ለጥምቀት ነው። እማማ አላፈናፍን ብለዋት ዘቢደር ኪዳነን አዝላ ታቦታቱ ያደሩበት ሜዳ ድረስ ተከተለቻቸው፤ ከሩቅ ቆሜ አያለሁ ብላ ነው። ደሙ ካቆመ ሁለት ሦስት ቀን ሆኖት ነበርና ተስፋም አድርጋ ነበር። እዚያ ስትደርስ ግን መጥቷል። ወደ ኋላ ልትል ስትል ሕዝቡ ከኋላ ገፋ፣ ወዲያው ዲያቆኑ የጠበሉን ጎማ ወደ እነሱ አዞረ። እማማ «ተመስገን!» ብለው ፊታቸውን ለውሃው ሰጡ። ዘቢደር እንደ ድመት ዘለለች። አንድ ሽማግሌ ጃንጥላ ሥር ገባች፣ ከዚያ ወጥታ አንዲት ወፍራም ሴት ጀርባ ተሸሸገች፣ በመጨረሻም ልጇን እንዳዘለች ሜዳውን አቋርጣ ሮጠች። ጀርባዋ ላይ ኪዳነ በሳቅ ይፈርሳል። ዞር ብላ ስታይ፣ እማማ ወለተማርያም ውሃው ከአፍንጫቸው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ አፋቸውን ከፍተው እያዩዋት ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ እማማ የነፍስ አባታቸውን፣ መምሬ ገብረ ክርስቶስን አስከትለው ካራ መጡ። ዘቢደርና ሕሩይን ያጋቡት እኚሁ መምሬ ናቸው። ሕሩይ ሥራ ላይ ነበር። መምሬ ገና ከበሩ መስቀላቸውን ሲያወጡ፣ ዘቢደር ደሙ ስላላቆመላት ሳትጠጋ ከሩቅ እጅ ነሣች። እማማ ቄሱን ቀና ብለው አዩ፤ «ይኸው፣ አላልኩም?» የሚል አስተያየት ነው።

ተቀመጡ። መምሬ ጺማቸውን ሲዳስሱ ቆዩና በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ።

«ልጄ ዘቢደር፣ አንቺ ልትነግሪን ብታፍሪም፣ ነገሩን እኛ ደርሰንበታል።»

የዘቢደር ፊት ጋለ። ሕሩይ በመጨረሻ ተናግሯል ማለት ነው! አፈረች፤ ግን ትከሻዋ ላይ የከረመ ጆንያ የወረደላት ያህል ቀለላት።

«ደርሳችሁበታል?»

«እናትሽ ሁሉንም አጫውተውኛል። ልቆጣሽ አልመጣሁም። ለመሆኑ መቼ ነው?»

«ክረምት መውጫ ላይ ነው፣ አባቴ።»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎረሱ።

«ማነው ያስገባሽ?»

«ሲስተር ጸጋ ናት ያስገባችልኝ።»

«ሲስተር!» አሉ እማማ። «ሲስተር፣ ብራዘር ነው የሚባባሉት! አልነገርኩዎትም?»

«ቆዪ እስቲ፣ ወለተማርያም። ሰው አግባብቶሽ ነው ወይስ በራስሽ?»

«መጀመሪያ የነገረችኝ አስቴር ናት። እሷ ከእኔ በፊት ነው። ግን ማንም አላስገደደኝም፤ ሲስተር ጸጋም ‹በደንብ አስቢበት፣ ውሳኔው ያንቺ ነው› ብላኛለች።»

«አያያዛቸው ሁሌም እንዲህ ነው» አሉ መምሬ በሐዘን። «ባልሽስ ያውቃል?»

«እንዴ፣ አብረን ሄደን! እንዳልፈራ እጄን ይዞኝ ነበር እኮ።»

«ሕሩይም?» እማማ ደረታቸውን መቱ። «ልጄም ሄዷል! መምሬ፣ ልጄም ሄዷል!»

መምሬ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «አንዴ ከገባ በኋላስ፣ መውጣት ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

«ይቻላል እንጂ! በፈለግኩ ጊዜ ብሄድ ሲስተር ጸጋ ታወጣዋለች። ባትወጣም ሦስት ዓመት ሲሞላ ጊዜው ያበቃል።»

«ሦስት ዓመት?»

«አዎ። ከዚያ ከፈለግኩ በአዲስ ይቀየራል። አምስት ዓመት የሚቆይም አለ አሉ።»

መምሬ ገብረ ክርስቶስ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ጥምጣማቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «እኔ» አሉ በመጨረሻ፣ «በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ በኮንትራት የሚገባበት ሃይማኖት ሰምቼ አላውቅም።»

«የምን ሃይማኖት?» አለች ዘቢደር።

«ጴንጤነትሽ ነዋ!» ብለው ጮኹ እማማ። «ጠበል ሸሸሽ፣ ማተብ በጠስሽ፣ መዝሙሩን ስታንጎራጉሪ በጆሮዬ ሰማሁሽ፤ አሁን ደግሞ ልጄን ጨምረሽ በሦስት ዓመት ተፈራረምሽ!»

ዘቢደር መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት የሚያስቃትም የሚያስለቅሳትም አንድ ላይ መጣባት። የግራ እጅጌዋን እስከ ላይ ጠቀለለችና ክንዷን አማቷ ፊት ዘረጋች።

«ያስገባሁት ይሄንን ነው እማማ! ይዳስሱት! ልጅ እንዳይመጣ የሚከላከል ነው። እሱ ነው ደሜን ያዛባው። አበባ ላይ ነኝ ስልዎት እውነቴን ነበር፤ ሁልጊዜም እውነቴን ነበር!»

እማማ ወለተማርያም ጣታቸውን ዘርግተው ክንዷን ነካ አደረጉ። ከቆዳዋ ሥር ያቺን ቀጭን እንጨት መሳይ ነገር ዳሰሱ፤ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ፤ እንደገና ዳሰሱ። በሩ ላይ ሳቅ ፈነዳ። አስቴር የዱባ ወጥ በሳህን ይዛ መጥታ መጨረሻውን ሰምታለች።

«ኧረ እማማ!» አለች ዕንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ዘቢደር ወደ እኛ መጥታ ቢሆን ኖሮ እኔ ዝም የምል ይመስልዎታል? በእልልታ ካራን አቀልጣት ነበር!»

መምሬ ገብረ ክርስቶስ የመጣባቸውን ሳቅ በሳል አባረሩት። «እንግዲህ እኔ የተጠራሁት ለሃይማኖቷ ነው። ሃይማኖቷ ደህና ነው። የቀረው የእናንተና የሐኪም ነው» አሉ። ለመሄድ ተነሥተው ነበር፤ ዱባ ወጡን ሲያዩ ግን ተመልሰው ተቀመጡ።

እማማ ያን ማታ ስለ መከላከያው ብዙ አልተናገሩም። የተናደዱት በሌላ ነው። «ስጠይቅሽ ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም? እኔ አንቺን ለመመለስ ሱባኤ ልገባ ነበር እኮ! ደግሞስ ሰው ደሙ እንዲህ ሲሄድ ዝም ብሎ ይቀመጣል? ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።» ሕሩይ ከሥራ ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ ሊስቅ አፉን ሲከፍት፣ እናቱ «አንተ ዝም በል፣ ፈሪ!» አሉት። ዘቢደር በዚች ቃል ምን ያህል እንደተካሰች እሷ ናት የምታውቀው።

ሲስተር ጸጋ አጠር ያለች፣ ፈገግታ የማያጣት ሴት ናት። እማማ ወለተማርያም ገና ሲገቡ «እርስዎ ነዎት ሲስተር ጸጋ? ትናንት በስምዎ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!» ቢሏት ምን እንደበደለች አልገባትም። ዘቢደርን ጠየቀቻት፦ ያምሻል ወይ፣ ሽታ አለው ወይ፣ ያዞርሻል ወይ፣ ምን ያህል ይሆናል። እርግዝና እንደሌለ መረመረች፣ የዓይኗን ቆብ ገልጣ አየች፣ ደሟንም አስለካች። ሁሉም ደህና ነው።

«በሽታ አይደለም» አለች። «መድኃኒቱ የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን ስለሚያሳሳው ነው እንዲህ ጠብ ጠብ የሚለው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ይብሳል፤ ብዙዎቹ ላይ እያደር ይቀንሳል፣ አንዳንዶቹ ላይ ይቀጥላል። ግን ካስቸገረሽ መላ አለው። መጀመሪያ አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ትወስጃለሽ፣ ከምግብ በኋላ። ካልበቃው ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ እንክብል እንሞክራለን። ሁሉም ቢቀር ደግሞ፣ በቃኝ ባልሽ ቀን አወጣልሻለሁ። ክንድሽ ነው።»

እማማ መድኃኒቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ይሄ ጥርሴን ሲያመኝ የሚሰጡኝ አይደለም እንዴ?»

«እሱው ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ እሷን ጥርሷን አላመማት!»

«ለዚህም ይሠራል፣ እናቴ። ማሕፀን ውስጥ ደም የሚያበዛውን ነገር ይቀንሰዋል።»

«ጉድ ነው» አሉ እማማ፤ አንዷን ፍሬ ግን ለጥርሳቸው እንዲሰጧቸው ሳይጠይቁ አልወጡም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ወለተማርያም ሥራ አገኙ። በየጠዋቱ ከእንጦጦ ይደውላሉ። ስልክ ሲያናግሩ ግን ድምፃቸው ያለ ስልክም ካራ የሚደርስ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠሩ።

«ሄሎ! ዘቢዬ! መብራቱ እንዴት ነው?»

«ዛሬ መጥቷል፣ እማማ።»

«ወይ እመቤቴ! በልተሽ ነው የዋጥሽው?»

በአራተኛው ቀን ግን ዘቢደር በደስታ «ሄዷል እማማ! ከትናንት ጀምሮ የለም!» አለቻቸው። እማማ ግቢው መሐል ቆመው «ተመስገን! መብራት ጠፋልን! እልልል!» ሲሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ሴትዮዋ ምን ነካቸው ተባባሉ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ጥር ሊያልቅ ሲል መብራቱ ተመለሰ። ዘቢደር ስፌት ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። የካቲት አሥራ ስድስት፣ ትልቁ የኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ደርሷል። «ላስወጣው» አለች ለሕሩይ። ሕሩይ መነጽሩን አልከደነም፤ አጠገቧ ተቀመጠ። «ከፈለግሽ ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። ከፈለግሽም ሁለተኛውን መድኃኒት እንሞክር። እማዬን እኔ አናግራታለሁ፤ በዚህ ጊዜ እውነቴን ነው።» አናገራትም፤ ስልኩን ይዞ ውጭ ወጥቶ፣ ጀርባውን ለዘቢደር ሰጥቶ፣ እየተንተባተበ፣ ግን አናገራት።

ዘቢደር ሁለተኛውን መርጣ ስትሄድ፣ ሲስተር ጸጋ የደም ግፊቷን ለካች፤ ስለ ራስ ምታቷና ስለ እግሯ እብጠት ጠየቀች፤ የሚከለክል ነገር እንደሌለ አይታ እንክብሉን ሰጠቻት። «ይሄን ስትጨርሺ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ እንዳትደነግጪ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አለቻት። ዘቢደር በዚህ ጊዜ እያንዳንዷን ቃል ሰማች። ጥቂት ቀን አለፈ፤ ደሙ ሳሳ፣ ጨርሶም ቆመ። በየጠዋቱ ከእንጦጦ ስልክ ይደወላል፤ በየጠዋቱ መብራት የለም።

በበዓሉ ዕለት ባሕር ዛፉ ሥር ያለው መንገድ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቶ ነበር። ዘቢደር አዲስ ማተብ አስራለች። ጥላውን ይዛ ቅጥሩ በር ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ከጥቅምት ጀምሮ ከዚህ በር አላለፈችም። እማማ ምንም አልጠየቋትም። ጀርባዋን ዳበስ አደረጓትና ገቡ። መምሬ ገብረ ክርስቶስ ጥላውን ሲዘረጉት ቀዩ ከፋይ ፀሐይ ላይ በራ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ዘቢደር ምጡን፣ ኮሪደሩን፣ የዚያን ቀን ፍርሃት አስታወሰች፤ ዕንባዋ መጣ። ኪዳነ ዘርፉን ለመያዝ ይንጠራራል።

ሲመለሱ እማማ ደከመኝ ብለው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ዘቢደርም አጠገባቸው አረፍ አለች።

«ያላመንኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ እማማ፣ ወደ ቁልቁለቱ እያዩ። «እኔ ስምንት ወልጃለሁ። ወይ እርጉዝ ነኝ፣ ወይ አጠባለሁ። የወር አበባዬን ያየሁበት ጊዜ ከጣቶቼ አይበልጥም። አንቺ በየሳምንቱ ስትዪኝ ውሸት መሰለኝ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያ ነገር ሲገባ ያማል?»

ዘቢደር ደንግጣ አየቻቸው።

«ለእኔ አይደለም፣ ሞኝ! ለአባይነሽ ነው።» አባይነሽ እዚያው ታች የምትኖር ትልቋ ልጃቸው ናት። «አሁንም አርግዤ እንዳይሆን እያለች ስታለቅስ ሰምቻታለሁ።»

«እሷ ጠየቀችዎት?»

«አልጠየቀችኝም። ታፍራለች። እኔም አፍራለሁ። ደሙን ግን አስቀድመን እንንገራት፣ ኋላ ጴንጤ ሆነች ብዬ መምሬን እንዳላደክም።»

ተነሥተው ወረዱ። አባይነሽ በሩን የከፈተችው አንዱን ልጅ ታቅፋ፣ ሌላውን እንዳይወጣ በእግሯ እየከለከለች ነው። እማማ ወለተማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዘቢደርን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት፣ ሽቅብ ሰማይ ሰማዩን እያዩም «ዘቢደር የምትነግርሽ ነገር አላት» አሉ።